ካርቦን ፋይበር ጨርቅ የተሰነጠቀ የኮለንና የቢም መጋጠሚያ ያድናል?

ጥያቄ፦ «ጎንደር፣ ማራኪ ውስጥ ጂ+2 ቤት አለን። አባታችን በ1999 ዓ.ም. ነው ያስጨረሱት። ልስኑን ለማደስ ስንጀምር አንደኛ ፎቅ ላይ የማዕዘኑ ኮለን ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሰያፍ ስንጥቅ አየን። ኮለኑ 20 በ50 ነው። ጀርመን ያለው የእህቴ ልጅ የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ልላክላችሁ ይላል። እሱን ጠቅልለን አንድ ፎቅ ብንጨምር ቤቱ ይችላል?»

መልስ፦ አጭሩን በቅድሚያ ልንገርዎት። ጨርቁ የእውነት የሚሠራ ነገር ነው፤ ማጭበርበሪያ አይደለም። ለእርስዎ ቤት ግን ገና አይዘዙት። የፎቁን ነገር ደግሞ ጭራሽ ያቆዩት። ምክንያቱ ረዘም ይላል፤ ቡናዎን ይዘው ቢያነቡት ይሻላል።

ከመጋጠሚያው ልጀምር። የድሮ የጠፍር አልጋ ያስታውሱ። አልጋው ሲያረጅ እግሩ አይሰበርም፤ አግዳሚውም አይሰበርም። የሚላላው ሁለቱ የሚጋጠሙበት ቦታ ነው። እሱ ሲላላ አልጋው በሙሉ ይወዛወዛል። ፎቅም ከዚህ ብዙ አይለይም። ቢሙ ከጎን ይመጣል፣ ኮለኑ ከታች ወደ ላይ ያልፋል፣ መሐል ላይ ሁለቱም የሚጋሩት የአርማታ ጉብታ አለ። የቢሙ የላይኛው ፌሮ ጉብታውን ይጎትተዋል። የቢሙ ሆድ ደግሞ ይገፋዋል። ኮለኑ ከላይና ከታች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞታል። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን የነበረው ነገር መንጋደድ ይጀምራል። ከጥግ ወደ ጥግ ሲለካ በአንዱ በኩል ይረዝማል፣ በሌላው በኩል ያጥራል። አርማታ መጨመቅን እንጂ መለጠጥን አይችልም። ስለዚህ በሚረዝምበት በኩል ይተረተራል። እርስዎ ያዩት ሰያፍ ስንጥቅ ምናልባት ይኸው ነው።

ለምን የማዕዘኑ ላይ ወጣ? መሐል ቤት ያለ ኮለን ከአራት አቅጣጫ ቢም ይመጣለታል። አራቱ ቢሞች ጉብታውን አቅፈው ይይዙታል። የማዕዘኑ ግን ሁለት ጎኑ ባዶ ነው። በዚያ ላይ የቢሙ ፌሮ አልፎ የሚሄድበት የለውም። እዚያው ታጥፎ ማለቅ አለበት። እጥፋቱ አጭር ከሆነ ወይም ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ ፌሮው ቀስ እያለ ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ እንዲይዝ የሚደረገው ስታፋ፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው የብረት ቀለበት ነው፤ ኮለኑ ላይ ያለው ስታፋ በመጋጠሚያው ውስጥም ሳይቋረጥ ማለፍ ነበረበት። እኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ፌራዮዎችን ብቻ መውቀስ አይቻልም። የቢሙ ፌሮ አስቀድሞ ታስሮ ፎርምወርኩ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በአራት ፌሮ መሐል ስታፋ ማስገባት አበሳ ነው። ፎርማኑ ካላየ ይታለፋል። አንድ ጊዜ አንድ ሕንጻ ላይ እንዲህ ያለ መጋጠሚያ አስከፍቼ ነበር። ስታፋ የሚባል አልነበረም። በምትኩ ያገኘሁት የባህር ዛፍ ፍልጥ፣ የሲሚንቶ ወረቀትና የመጋዝ ብናኝ ነው። ኮለኑ እስከ ቢሙ ሆድ ተሞልቶ፣ ሳይጠረግ፣ በሌላ ቀን በላዩ ላይ ተሞልቶበታል። ባለቤቱ ከውጭ ሲያዩት ግን ያማረ ቤት ነበር።

እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ትልቁን ዋጋ የሚያስከፍለው በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቱርክ፣ ኢዝሚት አካባቢ ከፈረሱት ሕንጻዎች ብዙዎቹ መጋጠሚያቸው ውስጥ ስታፋ ያልነበራቸው ናቸው። «ጎንደር ምን አገባት?» ሊሉ ይችላሉ። እውነት ነው፣ ጎንደር ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌን ሲንጥ አዲስ አበባን ያስደነገጠው ዓይነት እዚህ የተለመደ አይደለም። ሆኖም ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ መጎዳቱ ይነገራል። ብርቅ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም። ደግሞም የእርስዎ ስንጥቅ መሬት ሳይነቃነቅ የወጣ ነው። ይህ በራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ስንጥቁ እንመለስ። ሁሉም ስንጥቅ አንድ አይደለም። ብሎኬቱና ቢሙ በሚገናኙበት መስመር ላይ በአግድም የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የልስን ነው፤ እንቅልፍ አያሳጣም። ፌሮውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ዝገት የሚያወጣ ስንጥቅ ሌላ በሽታ ነው። ፌሮው ዝጎ እያበጠ ነው ማለት ነው። ሰያፉ ደግሞ ከሁለት ነገር ሊመጣ ይችላል። አንዱ ከላይ የነገርኩዎት ነው። ሌላው መሠረቱ መስመጥ ነው። ከጎንደር ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወርዱ የሚያገኙት ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ማራኪ ላይ የእርስዎ ቦታ ምን አፈር እንዳለው ሳይቆፈር አይታወቅም። የማዕዘኑ መሠረት ሰምጦ ከሆነ መጋጠሚያውን በካርቦን መጠቅለል የታመመውን እግር ትቶ ክንድ ማሰር ነው።

ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልስኑን እስከ አርማታው ድረስ ያስነሱ። ስንጥቁ አርማታው ላይ ከሌለ እልል ይበሉ፤ የልስን ብቻ ነበር። ካለ በሁለት ቦታ ጂፕሰም ይለጥፉበትና ቀኑን ይጻፉበት። ጂፕሰሙ ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። ቢቻል አንድ ክረምት ያሳልፉት። ግን መጠበቅ የሚያዋጣው ስንጥቁ ጸጉር የሚያክል ከሆነ ነው። ጥፍርዎ የሚገባበት ከሆነ፣ ወይም አርማታው ተፈርፍሮ ፌሮ ከታየ፣ ዛሬውኑ ከቢሙ ሥር ድጋፍ ያስቁሙ። ከላይ ያለውን ክፍልም ከዕቃና ከሰው ያሳርፉት።

ቀጥሎ አርማታው ራሱ ይመርመር። ሽሚት ሐመር የሚባለው መምቻ ግምት ይሰጣል። ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ ቆርጦ የሚወጣ ናሙና ደግሞ የተሻለውን መልስ ይሰጣል። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ጨርቁ የሚይዘው አርማታውን ነው። አርማታው ደካማ ከሆነ ጨርቁ ከነቆዳው ገንጥሎት ይመጣል። የአሜሪካ ኮንክሪት ተቋም ስለ እንዲህ ያለ ጨርቅ ያወጣው ኤሲአይ 440 መመሪያ አርማታው ቢያንስ 17 ሜጋፓስካል የመጨመቅ አቅም እንዲኖረው፣ ፊቱም ተጎትቶ ሲላቀቅ ቢያንስ 1.4 ሜጋፓስካል እንዲችል ይጠይቃል። በባሬላ የተመላለሰ፣ ውኃው በዓይን የተገመተ አርማታ አንዳንዴ ይህን አያሟላም።

እሺ፣ ጨርቁስ ምንድን ነው? ከጸጉር የቀጠኑ የካርቦን ክሮች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው ነው። ኤፖክሲ ይጠጣሉ፣ ይደርቃሉ፣ እንደ ቆዳ አርማታው ላይ ይቀራሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ስዊዘርላንድ ውስጥ የኢባኽ ድልድይ በካርቦን ሰቅ ተጠግኗል። የገባው ካርቦን 6.2 ኪሎ ነበር፤ በብረት ቢሆን 175 ኪሎ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኮቤ ከተናጠች በኋላ ደግሞ ጃፓኖች ኮለን መጠቅለሉን በሰፊው ያዙት።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ የሥራው ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው። የተለመደ ባለ 300 ግራም ጨርቅ የካርቦኑ ውፍረት 0.167 ሚሊሜትር ነው። 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው አንድ ሰቅ 50 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። ባለ 8 ሚሊ ፌሮም ቢለካ ልክ 50 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ፌሮው በ400 ሜጋፓስካል 2 ቶን ያህል ይይዛል። ካርቦኑ እስኪበጠስ ድረስ ቢጎተት 17 ቶን አካባቢ ይይዛል። ሻጮች የሚነግሩዎት ይህን ቁጥር ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን እዚያ አይደርስም። ከመበጠሱ በፊት ከአርማታው ላይ ይላቀቃል። ለዚህ ነው መመሪያው ሸር ላይ (መጋጠሚያውን በሚያንጋድደው ኃይል ላይ ማለት ነው) ካርቦኑ ከ0.4 በመቶ በላይ ይለጠጣል ብላችሁ አታስቡ የሚለው። በዚያ ልክ ሲሰላ ሰቁ የሚይዘው 4.7 ቶን ገደማ ነው። ባለ 8 ሚሊ አንድ ስታፋ በሁለት እግሩ የሚይዘው 4 ቶን ነው። እንግዲህ በአንድ ፊት ላይ የተለጠፈ አንድ ሰቅ በተሻለው ቀኑ የቀረውን አንድ ስታፋ ይተካል። በደንብ ካልታሰረ እሱንም አይተካም።

ስለ ማሰር ጠንከር አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ካርቦን እንደ ጠፍር ነው። ሲጎትቱት ይይዛል፣ ሲገፉት ይተጣጠፋል። ጠፍር ደግሞ ጫፉ ካልታሰረ ምንም አይይዝም። ብቻውን የቆመ ኮለን ላይ ጨርቁን ዙሪያውን ጠቅልለው ጫፉን በጫፉ ላይ መደረብ ይችላሉ፤ ራሱን ይይዛል። መጋጠሚያ ላይ ግን እንዴት ይጠቀልላሉ? ከላይ ሶሌታ አለ። ከሁለት በኩል ቢም ይመጣል። ብሎኬት ግድግዳም አለ። ስለዚህ ጨርቁ ከአንዱ ቢም የውጭ ፊት ተነስቶ፣ ማዕዘኑን ዞሮ፣ በሌላው ቢም የውጭ ፊት ላይ ያልቃል። ጫፎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው። እነሱን ለመያዝ ቢሞቹ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚያቅፍ ሌላ ሰቅ ይደረባል። ወይም የፋይበር መልሕቅ ይገባል። መልሕቁን በጭራ ይመስሉት። እጀታው ተቦርቡሮ በኤፖክሲ በተሞላ ቀዳዳ ውስጥ ይቀበራል፤ ጸጉሩ ጨርቁ ላይ እንደ ማራገቢያ ተበትኖ ይለጠፋል። አንዳንዱ ባለሙያ በዚህ ፈንታ ብረት ሳህን በቡሎን ያስራል። ያኔ ካርቦኑ ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ መሐሉ ላይ የመስታወት ፋይበር ይግባ። ካርቦንና ብረት እርጥበት ካገኙ ብረቱ ቶሎ ይዝጋል።

ጨርቁ የማይነካው ችግርም አለ። የቢሙ የታችኛው ፌሮ ጉብታው ውስጥ 15 ሳንቲሜትር ብቻ ገብቶ ቆሞ ከሆነ፣ ውጭ ላይ የለጠፉት ቆዳ ፌሮውን ከመንሸራተት አያስቀረውም። ውስጡ ባዶ ከሆነም ባዶነቱን አይሞላም። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት አስከፍተው ይዩ የምልዎት።

ስለ ፎቁ ደግሞ። «ኮለኑን ከጠቀለልነው ክብደት መሸከሙ አይጨምርም ወይ?» የሚል ሐሳብ ሳይኖርዎት አይቀርም። ክብ ኮለን ቢሆን ይጨምር ነበር። በርሜልን በገመድ ቢያስሩት ገመዱ ዙሪያውን እኩል ይጨምቃል። ሣጥንን ቢያስሩ ግን ገመዱ የሚጨምቀው ጥጎቹን ብቻ ነው፤ ሰፊው ጎን ሆዱ ይነፋል። የእርስዎ ኮለን 20 በ50 ነው። ረጅሙ ጎን የአጭሩ 2.5 እጥፍ ነው። ከ2 እጥፍ ካለፈ መመሪያው የመሸከም አቅም ጨመረ ብላችሁ አትቁጠሩ ይላል። በዚያ ላይ አዲሱ ፎቅ የሚያርፈው ኮለኑ ላይ ብቻ አይደለም። መሠረቱስ? የማንም የካርቦን ጨርቅ መሠረት አያሰፋም።

እሳትም አለ። ኤፖክሲ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። ቃጠሎ ሲነሳ አርማታው ገና ሳይጨነቅ ሙጫው ሥራውን ጨርሷል። ምድር ቤቱን ለዳቦ ቤት ወይም ለምግብ ቤት አከራይተው ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። መመሪያው የሚለው ግልጽ ነው። ጨርቁ በሆነ ምክንያት ቢጠፋ ቤቱ የራሱን ክብደት 1.1 ጊዜ፣ የሰውና የዕቃውን ደግሞ 0.75 ጊዜ አድርጎ ያለ ጨርቁ መሸከም መቻል አለበት። ካልቻለ ጨርቁ አይፈቀድም።

ታዲያ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ያሉኝ መረጃዎች እርስዎ የጻፉት ብቻ ናቸው። በእነሱ ላይ ተመሥርቼ ካርቦኑን በሁለተኛ ደረጃ አስቀምጠዋለሁ። የመጀመሪያ ምርጫዬ ኮለኑን ከመሠረቱ ጀምሮ አርማታ ማልበስ ነው። በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይጨመራል። አዲሱ ፌሮ ሶሌታውን በስቶ ወደ ላይ ያልፋል። ስታፋውም ቢሙ ተበስቶ በመጋጠሚያው ውስጥ ያልፋል። ቦታ ይበላል፣ ቆሻሻ ይበዛዋል፣ ተከራይም ያማርራል። ነገር ግን ፌሮው፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው እዚሁ ይገኛል። ጎንደር ውስጥ ያለ ጥሩ ፎርማን ሥራውን ያውቀዋል። እሳትም አይፈራም። 20 ሳንቲሜትሯ ኮለንም በመጨረሻ ኮለን ትሆናለች።

ካርቦኑን የምመርጠው ኮለኑና መሠረቱ ደህና ሆነው፣ አርማታው ጥሩ ሆኖ፣ የጎደለው የመጋጠሚያው ስታፋ ብቻ ሆኖ ሲገኝ ነው። ይህን ደግሞ ሒሳቡን ሠርቶ የሚፈርም የስትራክቸር መሐንዲስ ይበልልዎት።

እንደዚያ ከሆነ ለእህትዎ ልጅ ይንገሩት። ጨርቁ ብቻውን ዋጋ የለውም። ጨርቁና ሙጫው አብረው የተፈተኑ ጥንድ ናቸው፤ ከአንድ አምራች መምጣት አለባቸው። ጨርቁ በሻንጣ ይመጣል። የሙጫው ማጠንከሪያ ግን ብዙ ጊዜ እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር እንደ ልብስ ተጠቅልሎ በአውሮፕላን አይመጣም። ዕቃ ቤት ያገኙት የሴራሚክ ወይም የብረት ኤፖክሲ ይህን ሥራ አይሠራም። ወፍራም ስለሆነ ክሮቹ ውስጥ አይገባም። የመጠቀሚያ ቀኑንም ይይ።

የሥራው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቁ ወቅት ይሁን። ክረምት ላይ እርጥብ አርማታ ሙጫ አይይዝም። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል። አብዛኛው ሙጫ ከ10 ዲግሪ በታች አይደርቅም። ጠዋት ጤዛው ተንኖ ፀሐይ ሲሞቅ ይጀመር።

መጀመሪያ ስንጥቁ በሚወጋ ኤፖክሲ ይሞላል። የተፈረፈረው ተነስቶ በጥገና ሞርታር ይተካል። ከዚያ ፊቱ በግራይንደር ይላጋል፣ አቧራው ይጠረጋል። ጨርቁ የሚዞርበት ጥግ ሁሉ ቢያንስ 13 ሚሊሜትር ራዲየስ እንዲኖረው ይከረከማል። እኔ 20 ነው የማስደርገው። ስለታም ጥግ ካርቦንን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ሙጫው በሚዛን ይመዘን እንጂ በዓይን አይገመት። አንዴ ከተቀላቀለ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው ያለዎት። ስለዚህ ጨርቁ አስቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቅ። ከተለጠፈ በኋላ አየሩ በሮለር ወደ ክሩ አቅጣጫ ይገፋል። የመጨረሻው ሙጫ ሳይደርቅ ደረቅ አሸዋ ይነስንሱበት፤ ልስኑ የሚይዝበት ያገኛል። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ሳይሸፈን እንዳይቀር። በሳምንቱ በአንድ ብር ሳንቲም መታ መታ ያድርጉት። «ቶክ» ካለ ይዟል። ከበሮ ከበሮ ካለ ሥሩ አየር አለ፤ ሠሪው ተመልሶ ይምጣ።

በነገራችን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ሥራ የሚያውቁ ልጆች አንዳንዴ «ለፋሲል ግቢስ ለምን አንጠቀምበትም?» ይሉኛል። እባካችሁ ተዉት። ያ ድንጋይና ኖራ ነው፤ መተንፈስ አለበት። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቅመው ጠገኑት፤ በኋላ የመጡት ያንን እያነሱ በኖራ መተካት ነበረባቸው። ጣሊያኖቹ ፌሮ፣ ስታፋ፣ አርማታ፣ ሶሌታ የምንላቸውን ቃላት ሰጥተውናል፤ ስሕተታቸውን ግን መውረስ የለብንም።

እንግዲህ ልስኑን ሲያስነሱ ከመጋጠሚያው ወደ ላይም ወደ ታችም ግማሽ ሜትር ይክፈቱ፤ በቢሙ በኩልም እንደዚሁ። ፎቶ ሲያነሱ ከስንጥቁ ጎን ሜትር ያስቀምጡ። አንዱን ከሩቅ፣ ቢሙም ኮለኑም እንዲታይ አድርገው ያንሱ። የአባትዎ ፕላን ከተገኘ የኮለንና የመሠረት ዝርዝር ያለበትን ገጽ አብረው ይላኩልኝ።